የግንዲላ ጫኝ ማሽን ክንድ እንዴት ይነደፋል?

በውኃ የተሞላ ባልዲ ወደ ሰውነታችን አስጠግተን ስንይዘው እምብዛም አያስቸግረንም። ይኸንኑ ባልዲ ክንዳችንን ወደ ፊት ዘርግተን ስንይዘው ግን ትከሻችን ወዲያው ይዝላል። የባልዲው ክብደት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከትከሻችን ያለው ርቀት ነው። በደን ውስጥ ግንዲላ የሚያነሡ ማሽኖችን ክንድ የሚነድፉ መሐንዲሶች ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥማቸው ችግርም ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ በምን ዘዴ እንደሚፈታ፣ መፍትሔውም ምን አዲስ ችግር ይዞ እንደሚመጣ እንመለከታለን።

አመጣጡና አካላቱ

በስዊድንና በፊንላንድ ደኖች ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ በወደቀበት ስፍራ ጥቂት ሜትር ርዝመት ወዳላቸው ግንዲላዎች ይከፋፈላል። እነዚህን ሰብስቦ ወደ መንገድ ዳር የሚያደርሰው ፎርዋርደር የተባለው ባለ ብዙ ጎማ ማሽን ነው። የመጫኑንና የማራገፉን ሥራ የሚያከናውነው ደግሞ በማሽኑ ላይ የተተከለው የሃይድሮሊክ ክንድ ነው። የተሽከርካሪን ሞተር ኃይል በሃይድሮሊክ አማካይነት ለጭነት ሥራ የማዋል ሐሳብ በስዊድን ከበረዶ መንሸራተቻ አምራቹ ከኤሪክ ሱንዲን ጋር የተያያዘ ነው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1944 በሁዲክስቫል ከተማ የመሠረቱት ድርጅት ዛሬ ሂያብ በሚል ስም ይታወቃል።

ክንዱ ከሰው ክንድ ጋር ይመሳሰላል። በራሱ ዙሪያ የሚዞር ቋሚ ምሰሶ አለው። በምሰሶው ጫፍ፣ ልክ እንደ ትከሻ፣ ዋናው ክንድ በወፍራም ፒን ይያያዛል። ከዋናው ክንድ ቀጥሎ በክርን የሚታጠፈው የፊት ክንድ ይገኛል፤ በውስጡም እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚወጣና የሚገባ ተጨማሪ ቁራጭ አለ። በጫፉ ላይ ግንዲላውን የሚጨብጠው መንጋጋ ይንጠለጠላል። እንደ ጡንቻ የሚያገለግሉት በዘይት ግፊት የሚሠሩ ሲሊንደሮች ናቸው።

ስሌቱ ምን ይላል?

ለምሳሌ ያህል መንጋጋውና ግንዲላው በአንድነት 600 ኪሎግራም ይመዝናሉ፣ ከትከሻው ፒንም 8 ሜትር ርቀዋል እንበል። የክብደቱ ኃይል 5.9 ኪሎኒውተን ያህል ስለሆነ፣ በፒኑ ዙሪያ የሚፈጥረው የማዞር ኃይል 47 ኪሎኒውተን ሜትር ይሆናል። ክንዱ ራሱ 800 ኪሎግራም ቢመዝንና የክብደቱ ማዕከል በ3.5 ሜትር ላይ ቢገኝ፣ ሌላ 27 ኪሎኒውተን ሜትር ይጨመራል። በድምሩ 75 ኪሎኒውተን ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው በዋናው ክንድ ሥር ያለው ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩ የሚገፋበት መስመር ከፒኑ የሚርቀው ግን 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ የሚፈለግበት ኃይል 187 ኪሎኒውተን ይደርሳል። ይህም የ19 ቶን ክብደት ማለት ሲሆን፣ ከክንዱና ከሸክሙ ጠቅላላ ክብደት 14 እጥፍ ያህል ነው። የዘይቱ ግፊት 20 ሜጋፓስካል፣ ማለትም 200 ባር፣ ቢሆን 109 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ሲሊንደር በትክክል ይበቃል። ነዳፊው ግን ለድንገተኛ ጫና መጠባበቂያ በመተው 125 ሚሊ ሜትር ሊመርጥ ይችላል።

ሲሊንደሩን ከፒኑ አርቆ መትከል አይሻልምን? በእርግጥ የሚፈለገው ኃይል ይቀንሳል። ነገር ግን ክንዱን በዚያው ማዕዘን ለማንሣት ፒስተኑ የሚጓዘው ርቀት ይጨምራል። ሲሊንደሩ ሲረዝም ደግሞ የፒስተኑ ዘንግ በግፊት ለመታጠፍ ይበልጥ ይጋለጣል፤ የዘንጉ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ሳይታጠፍ የሚችለው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። በኃይል የተገኘው በርቀት ይከፈላል፤ ሥራ በነጻ አይገኝም።

ብረት መጨመር መፍትሔ ነውን?

ክንዱን ለማጠንከር ወፍራም ብረት መጠቀም ይቻላል ብለን እናስብ ይሆናል። ሆኖም በክንዱ ጫፍ ላይ የተጨመረ 10 ኪሎግራም ብረት ከሚነሣው ግንዲላ ላይ 10 ኪሎግራም ይቀንሳል። ከፒኑ 1 ሜትር ርቀት ላይ የተጨመረ 10 ኪሎግራም ግን የሚቀንሰው 1.25 ኪሎግራም ብቻ ነው። ክንዱ ከሥሩ ወፍራም፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደው ስለዚህ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ የሣጥን ቅርጽ የሚሰጠውም፣ መታጠፍን በይበልጥ የሚቋቋመው ከመሐል የራቀው ብረት በመሆኑ ነው።

ከተለመደው ሁለት እጥፍ ያህል ጥንካሬ ያላቸው የአረብ ብረት ዓይነቶችም አሉ። ክንዱን ያቀሉታል፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን አይለውጡም። አንደኛ፣ አረብ ብረት ሁሉ ለመለጠጥ የሚያሳየው እምቢታ ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ቀጭኑ ክንድ ይበልጥ ይወዛወዛል። ሁለተኛ፣ በብየዳ የተያያዘ ቦታ የብረት ድካምን የመቋቋም አቅሙ ብረቱ ጠንካራ በመሆኑ ብቻ አይጨምርም። ማሽኑ በሰዓት 100 ጊዜ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 200 ቀን ቢያነሣ፣ በ10 ዓመት 1.6 ሚሊዮን ጊዜ አነሣ ማለት ነው። አንድ ጊዜ የማይሰብረው ጫና በመደጋገሙ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። ስለዚህ ብልህ ነዳፊ ብየዳውን ጫናው ከሚበረታበት ቦታ ያርቃል።

ነዳጅ ቆጣቢው ማያያዣ

ግንዲላን ወደ ማሽኑ ለመሳብ ዋናውንና የፊቱን ክንድ በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ይህ ሳይቀናጅ ሲቀር ሸክሙ ያለ ጥቅም ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ለማውጣት የተከፈለው ጉልበትም ሲወርድ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። በመሆኑም በብዙ ፎርዋርደሮች ላይ ሁለቱ ክንዶች በብረት ማያያዣ ተቆራኝተው፣ ጫፉ ከመሬት ጋር ትይዩ በሆነ መስመር እንዲጓዝ ይደረጋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የመገጣጠሚያዎቹን እንቅስቃሴ ኮምፒውተር እያሰላ፣ ኦፕሬተሩ ጫፉን ብቻ የሚመራባቸው ማሽኖች ለገበያ ቀርበዋል።

የሰው ሕይወት

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ደኅንነት ነው። ግንዲላው በአየር ላይ እንዳለ የዘይት ቱቦው ቢፈነዳ ምን ይሆናል? ዘይቱ ሲያመልጥ ክንዱ በቅጽበት ይወድቃል። ይህን ለመከላከል ሸክም ያዥ ቫልቭ በቱቦው ጫፍ ሳይሆን በቀጥታ በሲሊንደሩ አካል ላይ ይገጠማል፤ ቱቦው ቢበጠስም ዘይቱ በሲሊንደሩ ውስጥ ታግዶ ይቀራል። ሌላው ስውር አደጋ በመርፌ ቀዳዳ ከምታህል ስንጥቅ የሚወረወር ዘይት ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት ቆዳን በስቶ ሊገባ ስለሚችል፣ ፍሳሽን በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ አይገባም። ቁስሉ ኢምንት ቢመስልም ጉዳቱ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ይሻል።

ከላይ የጠቀስናቸው ሕግጋት በደን ማሽኖች ብቻ የተወሰኑ አይደሉም። በከተሞቻችን መሠረት የሚቆፍረው የኤክስካቫተር ክንድም የሚሠራው በእነዚሁ ሕግጋት ነው። ስለዚህ አንድ ማሽን «ስንት ኪሎ ያነሣል?» ተብለን ስንጠየቅ፣ ትክክለኛው መልስ ሌላ ጥያቄ መሆኑን እንገነዘባለን፤ በስንት ሜትር ርቀት? ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ሸክም የሚያነሣ ሰው ማሽኑን ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ የቆሙትን ሰዎች ጭምር ለአደጋ ያጋልጣል።