ከእንዳ ኢየሱስ ቁልቁል፦ የመቐለ ጎርፍ፣ ጦርነቱና የንብረት መድን ጥያቄ

እንዳ ኢየሱስ መቐለን ከምሥራቅ በኩል ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። ታሪክ ያነበበ ደግሞ በጥር 1888 ዓ.ም. በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራ የጣሊያን ጦር መሽጎበት እንደነበር ያስታውሳል። ያንን ጦር ከመድፍ ይበልጥ ያሸነፈው ጥም ነበር። የኢትዮጵያ ሠራዊት፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር እንደሆነ በሚነገርለት ዘዴ፣ ምሽጉ የሚጠጣበትን ምንጭ ያዘ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ጣሊያኖቹ ለቀው ወጡ።

ዛሬ ከኮረብታው በታች ያለውን ነዋሪ የሚያስጨንቀው በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣው የውኃ ብዛት ነው። የመቐለ የዓመት ዝናብ ከደጋው ኢትዮጵያ ጋር ሲነጻጸር ብዙ አይደለም፤ ግን አብዛኛው በእነዚህ ሁለት ወራት ተጠራቅሞ፣ አንዳንዴም በአንድ ከሰዓት በኋላ ዱብ ብሎ ይወርዳል። ተዳፋቱ ገላጣ ነው፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ውኃ ቶሎ አያሰርግም። በዚህ ላይ በየዓመቱ አዲስ ጣሪያ፣ አዲስ አስፋልት፣ አዲስ ኮብልስቶን ይጨመራል። ቀድሞ መሬት ይጠጣው የነበረው ውኃ በመንገዱ ይወርዳል፤ ቦዩ በፕላስቲክና በደለል ተደፍኖ ከጠበቀው ደግሞ ወደ ግቢና ወደ ሱቅ ይዞራል። የሱቁ ባለቤት በማግስቱ የረጠበ ሸቀጡን ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ማን ይከፍለኛል?

አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይከፍለውም። ይህ የሆነው በአንድ ኩባንያ ክፋት አይደለም። የንብረት መድን በአገራችን የተሰፋበት ልክ ሌላ ስለሆነ ነው፤ የዚህች ከተማ ዋና ዋና አደጋዎች ከልኩ ውጭ ቀርተዋል።

አንድ ነጋዴ ሕንፃውን ወይም ሸቀጡን ለመድን ሲያስመዘግብ መጀመሪያ የሚሰጠው ውል የእሳትና የመብረቅ ነው። ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ማዕበል፣ ሁከትና የሥራ ማቆም አድማ የሚያደርሱት ጉዳት በተጨማሪ አረቦን፣ በልዩ ስምምነት የሚገቡ ናቸው። ብዙ ሰው ደግሞ ውሉን የሚፈርመው ባንክ ብድር ሲሰጠው መያዣው መድን ይኑረው ስላለ ነው። ባንኩ የጠየቀው እሳት ከሆነ እሳት ይገዛል፤ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስገብቶ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ጎርፍ ሲገባ «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ይመጣና ያልገዛውን ሽፋን ሲጠይቅ ይገኛል። እዚህ ላይ የመድን ሰጪዎች ወኪሎች ኃላፊነት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ከተዳፋት ሥር ላለ ሱቅ የእሳት ውል ብቻ ሽጦ ዝም ማለት ተገቢ አይደለም።

ወደ ኋላ ሄደን ብናይ የመድን ሥራ በኢትዮጵያ ሰፊ ሥር አልያዘም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ 13 የግል ኩባንያዎችን ወረሰ፤ በቦታቸው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ቆመ። የግል ኩባንያ እንደገና የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር 18 መድን ሰጪዎችና አንድ የጠለፋ መድን (መድን ሰጪዎችን ራሳቸውን የሚያስመድን) ኩባንያ አሉ። ሆኖም የሚሰበሰበው አረቦን ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት አንድ በመቶ አይደርስም፤ ከዚያም ትልቁ ድርሻ የተሽከርካሪ ነው። ለመኪናው ሦስተኛ ወገን ያልገባ በትራፊክ ይያዛል፤ ቤቱን ያላስመዘገበን ግን የሚጠይቀው የለም።

ቤቱን ላስመዝግብ የሚልም ቢኖር የይዞታ ካርታ ይጠየቃል። በየከተማችን ዳርቻ፣ በወንዝ ዳርና በገደል አፋፍ የተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ካርታ የላቸውም። ጎርፍ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ስለዚህ መድኑ በደንብ ቢሠራ እንኳ የሚደርሰው አደጋው ዘግይቶ ለሚነካው ሰው ይሆናል።

ሁሉም ተሟልቶለት፣ የጎርፍ ሽፋኑንም ገዝቶ፣ አሁንም ሊጎዳ የሚችል ሰው አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አለፈ። የብረት፣ የሲሚንቶና የዕቃ ዋጋ ተከተለው። በአሮጌው ዋጋ 4 ሚሊዮን ብር ተብሎ የተመዘገበ ሕንፃ ዛሬ እንደገና ለመሥራት 10 ሚሊዮን ብር ይፈልጋል እንበል። ጎርፍ ገብቶ የ2 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢያደርስ ባለቤቱ ሁለቱን ሚሊዮን አያገኝም። ያስመዘገበው የዋጋውን 40 በመቶ ስለሆነ ካሳውም በዚያው ልክ ይሰላል፤ 800 ሺህ ብር ይደርሰዋል፤ ቀሪውን ራሱ ይሸከማል። ይህ ስሌት አዲስ የመጣ ሳይሆን በመድን ሥራ የቆየ መርሕ ነው። ሰዎች የሚያውቁት ግን ከጉዳቱ በኋላ፣ ጉዳት ገማቹ ሒሳቡን ዘርግቶ ሲያሳያቸው ነው። በየዓመቱ ውል ሲታደስ ዋጋው አብሮ እንዲከለስ ማስታወስ ለመድን ሰጪው የአንድ ስልክ ሥራ ነው።

በመቐለ ከጎርፉም የከበደ ጥያቄ የትግራይ ጦርነት ያመጣው ነው። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱን እስከገታው የፕሪቶሪያ ስምምነት፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ ከተማዋ ከተኩስ እስከ አየር ድብደባ ያላየችው አልነበረም። ሱቅ ተዘርፏል፤ ፋብሪካ ወድሟል። የተለመደው የንብረት ውል ደግሞ ጦርነትን፣ ወረራን፣ የእርስ በርስ ውጊያንና ዐመፅን በግልጽ ከሽፋን ያወጣል። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚባል ተጨማሪ ሽፋን አለ፤ ግን የሚገዛው ትልቅ ባለሀብት ነው፤ ሁከት ሲሸፍንም ለሙሉ ጦርነት የሚዘረጋ አይደለም።

ይህ ክልከላ እኛ ጋ የተፈጠረ አይደለም። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ከተሞችን ከአየር ማውደም ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የለንደን መድን ሰጪዎች በየብስ ላይ ላለ ንብረት የጦርነት ሽፋን ላለመስጠት ተስማሙ። ምክንያታቸው የሚገባ ነው። መድን የሚሠራው አደጋው ጥቂቶችን ሲነካ፣ የብዙኃኑ መዋጮም እነዚያን ጥቂቶች ሲክስ ነው። ቦምብ አንድን ከተማ በአንድ ሌሊት ካወደመ ካሳ ከፋይ ካዝና አይኖርም። የጠለፋ መድን ሰጪዎች ዛሬም በዚያው መርሕ ይሄዳሉ፤ የአገር ውስጥ ኩባንያ ብቻውን ልሸከም ቢል አይችልም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ነው። ገበያው ሲሸሽ የእንግሊዝ መንግሥት ቦታውን ባዶ አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1941 የጦርነት ጉዳት ሕግ አወጣ፤ የሕንፃ ባለቤቶች ሁሉ፣ ቦምብ የደረሰባቸውም ያልደረሰባቸውም፣ መዋጮ እንዲከፍሉ አደረገ፤ የተቋቋመውም ኮሚሽን ለተጎዱት የጥገናና የካሳ ክፍያ ፈጸመ። ለመቐለ፣ ለአላማጣ፣ ለወልድያና ለሌሎችም የጦርነቱ ጉዳተኛ ከተሞች ንብረት ባለቤቶች እንዲህ ያለ የጉዳት ምዝገባና የካሳ ሥርዓት የለም። የዓለም ባንክ በ2014 ዓ.ም. ለግጭት ተጎጂ አካባቢዎች 300 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል፤ ያ ገንዘብ በዋናነት ለማኅበረሰብ አገልግሎቶች መልሶ ግንባታና ለተጎጂዎች ድጋፍ የታሰበ ነው፤ የግለሰብን የተቃጠለ መጋዘን አይክስም።

አንድ የሕግ ነጥብም አለ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ መድን የሚናገረው ክፍል ዛሬም ይሠራል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አልተካውም። በዚያ ሕግ ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ጦርነቱ የቆየው ከሁለት ዓመት አንድ ቀን ጎድሎ ነው። ከዚያ ጊዜ በአብዛኛው ስልክና ባንክ ተቋርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ከጦርነቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ተራ እሳት ወይም ጎርፍ የደረሰበት፣ አረቦኑንም የከፈለ ሰው ዋና መሥሪያ ቤት ደርሶ ማመልከት አይችልም ነበር። እንዲህ ያለውን ጊዜ በይርጋ መቁጠር ፍትሕ አይደለም፤ ተቆጣጣሪው ባንክና ኩባንያዎቹ ይህን በግልጽ ማስታወቅ ነበረባቸው፤ አሁንም አልረፈደም።

የመሬት መንቀጥቀጥ ለመቐለ ከጎርፍና ከጦርነት የራቀ ቢመስልም የአፋር ስምጥ ሸለቆ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ቅርብ ነው፤ በነሐሴ 1994 ዓ.ም. በሰሜን አፋር ተከታታይ መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት የዘለቀው መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቅሏል። ቱርክ ከ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) አደጋዋ በኋላ ለመኖሪያ ቤቶች የመሬት መንቀጥቀጥ መድንን ግዴታ አድርጋለች። ለእኛ ከግዴታው በፊት የሕንፃ ኮዱ በግንባታ ቦታ ላይ እንዲከበር ማድረግ ይቀድማል።

ወደ ጎርፉ እንመለስ፤ መፍትሔው በቅርብ ያለበት እሱ ነውና። ትግራይ መከላከልንና መድንን አንድ ላይ ያሰረ ሥራ በገጠር ሠርታ ለዓለም አሳይታለች። በ2001 ዓ.ም. በቆላ ተምቤን አዲ ሓ በምትባል ቀበሌ 200 አባወራዎች ለጤፋቸው የድርቅ መድን ገዙ። ውሉን የሸጠው ኒያላ ኢንሹራንስ ነበር፤ ማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ ኦክስፋም አሜሪካ፣ ስዊስ ሪና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች አብረው ነበሩ። ካሳው የሚወሰነው ጉዳት ገማች ማሳ ለማሳ ዞሮ አይደለም፤ በሳተላይት የተለካው ዝናብ ከተስማሙበት መጠን በታች ከወረደ ይከፈላል።

ትልቁ ነገር አረቦኑ የተከፈለበት መንገድ ነበር። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ገበሬ በጉልበቱ ከፈለ፦ እርከን ሠራ፣ ክትር ገነባ፣ ኮምፖስት አዘጋጀ። መድኑን የገዛው አደጋውን በሚቀንስ ሥራ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዝናብ ሲያጥር 1,810 ገበሬዎች ካሳ አገኙ፤ በተከታዩ ዓመት ከ12 ሺህ በላይ ገበሬዎች 320 ሺህ ዶላር ገደማ ተከፈላቸው። ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር የተስፋፋው ሥራ ወደ ሴኔጋል፣ ማላዊና ዛምቢያ ተሻገረ። ጉድለትም ነበረበት፤ ሳተላይቱ ያየው ዝናብና ማሳው ያገኘው ዝናብ ሁልጊዜ አይገጣጠምም፤ የለጋሽ ገንዘብም ይደግፈው ነበር። መርሑ ግን ጸንቷል። ለአፈርና ውኃ ጥበቃ በየዓመቱ ለቀናት በነጻ የሚወጣው የትግራይ ገበሬም እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም አቀፍ መድረክ ከፍተኛውን የፖሊሲ ሽልማት አግኝቷል።

ይህን ወደ ከተማ ማምጣት ለምን አልተቻለም? ከተማው የለመደው እያንዳንዱ ሰው ለየራሱ ግቢ የሚገዛውን ውል ነው፤ ጎርፍ ግን የግቢ አጥር አያውቅም። አንድ ሱቅ ደፉን ከፍ ቢያደርግ ውኃው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ከታች ያለውን ቤት የሚያድነው ከላይ፣ ተዳፋቱ ላይ የሚሠራው እርከንና ክትር ነው፤ ከላይ ያለው ሰው ግን ለታችኛው ብሎ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ የታችኛው ሰፈር አረቦን ከፊሉ የላይኛውን እርከን የሚሠራበት መንገድ መፈጠር አለበት። ለዚህ የሚስማማው የሰፈር የጋራ ውል ነው፤ በእድር ወይም በነጋዴ ማኅበር ስም የሚገባ፣ ካርታ የሌለውንም በአባልነቱ የሚያቅፍ፣ ቦዩን የጠረገና ክትሩን የጠበቀ ሰፈር ደግሞ አረቦኑ የሚቀንስለት። ለቀብር ገንዘብ በየወሩ ሳያጓድል የሚሰበስብ እድር ይህን የመምራት አቅም አለው።

መድን ብቻውን ሲሄድ የሚያመጣውን ጣጣ አሜሪካ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ1968 በጀመረችው የመንግሥት የጎርፍ መድን ነዋሪው ሽፋን የሚያገኘው ከተማው በጎርፍ ሜዳ ላይ ግንባታን የሚገድብ ደንብ ካወጣ ነው፤ መልካም ሐሳብ ነበር። ደንቡ በላላበትና አረቦኑ ከአደጋው ባነሰበት ቦታ ግን ያው ቤት በዚያው ወንዝ ዳር ደጋግሞ በካሳ ተሠራ፤ ፕሮግራሙም ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ የመንግሥት ዕዳ ውስጥ ገባ። በእኛው አገር ድሬዳዋ መከላከል ሲዘገይ የሚመጣውን አሳይታለች፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደጫቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ከገደለ በኋላ ነው በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ የተሠራው።

በመቐለ መነሻው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የትኛው መንገድ፣ የትኛው ሰፈር በየክረምቱ እንደሚጥለቀለቅ የሚያሳይ ካርታ ያስፈልጋል። መረጃው ተበታትኗል፤ ከፊሉ በማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ክፍል፣ ከፊሉ በመድን ሰጪዎች የካሳ መዝገብ፣ አብዛኛው በነዋሪው ትዝታ ነው። የመሬት ሳይንስና የሲቪል ምሕንድስና ባለሙያዎች ያሉበት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ውኃው ከሚነሳበት ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። እነዚህ አራት ወገኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የመጀመሪያው ካርታ በአንድ በጋ ይወጣል። ዝናቡ በሰኔ ስለሚገባ የቦዮቹ ጠረጋና የተዳፋቱ ክትር ሥራ ከግንቦት በፊት ማለቅ አለበት።