ሱፐርኦክሳይድ ጠላት ብቻ አይደለም

ሚቶኮንድሪያ የሕዋስ ኃይል ማመንጫ እንደሆነ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ከምግብ የወጡ ኤሌክትሮኖችን በውስጠኛው ሽፋን ላይ የተደረደሩ ፕሮቲኖች እየተቀባበሉ ያሳልፏቸዋል፤ መጨረሻ ላይ ኦክስጅን ይረከባቸውና ውኃ ይሆናል። በዚህ መሃል የተገኘው ጉልበት ኤቲፒ የተባለው የኃይል ሞለኪውል ይሠራበታል።

ታዲያ ሁሉም ኤሌክትሮን እስከ መጨረሻው አይዘልቅም። በተለይ ኮምፕሌክስ አንድ እና ኮምፕሌክስ ሦስት ከሚባሉት ፕሮቲኖች ላይ ጥቂቱ ያፈተልክና ኦክስጅን ላይ ያርፋል፤ ሱፐርኦክሳይድ የሚፈጠረው ያኔ ነው። አሜሪካዊው ዴንሃም ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1956 የእርጅና ምክንያት እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች ናቸው የሚል መላምት አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ሱፐርኦክሳይድን እንደ ምድጃ ጭስ፣ ቶሎ መጥፋት እንዳለበት ቆሻሻ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ለዚህ አመለካከት አንድ አኃዝ ብዙ አግዟል፦ ከምንጠቀምበት ኦክስጅን ከ1 እስከ 2 በመቶው ሱፐርኦክሳይድ ይሆናል የሚለው። ተማሪዎቼ በቃላቸው ይዘውት ይመጣሉ። አኃዙ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ከእንስሳት ልብና ጉበት ተለይተው በወጡ ሚቶኮንድሪያዎች ላይ ከተሠሩ ሙከራዎች ነው። ሙከራዎቹ ትክክል ነበሩ። ነገር ግን ሚቶኮንድሪያዎቹ ነዳጅ እስኪጠግቡ ተሰጥቷቸው፣ ኤቲፒ እንዳይሠሩ ተደርገው፣ አንዳንዴም የኤሌክትሮኑ መተላለፊያ በኬሚካል ተዘግቶ፣ አየር የጠገበ ፈሳሽ ውስጥ ነበሩ። በሰውነታችን ውስጥ ሕዋስ የሚደርሰው ኦክስጅን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው፤ ኤቲፒም ያለማቋረጥ ይሠራል። ኤቲፒ ሲሠራ ደግሞ ኤሌክትሮኖቹ ቶሎ ቶሎ ያልፋሉ፤ የሚያፈተልከውም ይቀንሳል። ሁኔታውን ትቶ ቁጥሩን ብቻ የሚያስጠና መምህር ተማሪውን ያሳስታል።

የተፈጠረውም ቢሆን ያለ ጠባቂ አይተውም። ማንጋኒዝ የያዘው ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የተባለ ኢንዛይም እዚያው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ወደ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይለውጠዋል። ይህ ኢንዛይም እንዳይኖራቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች ብዙ ሳይቆዩ ይሞታሉ። ቀጥሎ ፐሮክሲሪዶክሲን እና በግሉታታዮን የሚሠሩ ኢንዛይሞች ሃይድሮጅን ፐሮክሳይዱን ውኃ ያደርጉታል። ልቤን የሚወስደው ግን ከእነዚህ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። ሽፋኑን አልፎ ይወጣል፣ ፕሮቲኖች ላይ ያለውን ሰልፈር ይነካል፣ አሠራራቸውንም ይለውጣል። ሕዋሱ ሚቶኮንድሪያው ምን ላይ እንዳለ የሚያውቅበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ ከስፖርት በኋላ የጡንቻ መከላከያ ኢንዛይሞች እንዲበዙ የሚያደርገውም ይኸው መልእክት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ለአራት ሳምንት ስፖርት የሠሩ ወጣቶችን አወዳድሮ ነበር። በየቀኑ 1000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ከቫይታሚን ኢ ጋር የወሰዱት ሰዎች፣ ስፖርቱ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን በሚሰጠው ምላሽ ላይ ሊያመጣላቸው የሚገባውን መሻሻል አላገኙም። ምንም ያልወሰዱት አገኙ። ሁለቱ ቫይታሚኖች አንቲኦክሲዳንት ናቸው፤ መልእክቱን ሳያደበዝዙት አልቀሩም። ከጂም ሲወጡ የአንቲኦክሲዳንት ክኒን የሚውጡ ወዳጆቼን የምቆጣቸው ለዚህ ነው። ብርቱካን ብሉ፤ ሐኪም ያላዘዘውን ክኒን ግን ተዉት።

ልኩን ሲያልፍ ጉዳቱ እውነተኛ ነው። ተዘግቶ የቆየ የልብ ደም ሥር ሲከፈት፣ በመዘጋቱ ጊዜ የተጠራቀመው ሰክሲኔት የተባለ ሞለኪውል በአንዴ ይቃጠልና ኤሌክትሮኖችን በኮምፕሌክስ አንድ በኩል ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሱፐርኦክሳይድም በብዛት ይወጣል። በሌላ በኩል በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ ምድር ውስጥ የሚኖረው ጠጉር አልባ ፍልፈል አለ። ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል፤ በመጠን የሚቀራረበው የቤት አይጥ ግን ከአራት ዓመት እምብዛም አያልፍም። የፍልፈሉ አካል ሲመረመር የኦክሲዴሽን ጉዳት ገና በወጣትነቱ ከአይጡ በልጦ ተገኝቶበታል። ዕድሜን በጉዳቱ መጠን ብቻ ለሚተነብይ ሰው ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የፍልፈሉ የልብና የጡንቻ ሚቶኮንድሪያ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን የማጥፋት አቅሙ ከአይጡ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል።