አንድ ጭራ፣ ስድስት ሽቦ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬ አፋፉ ላይ ሠርግ ካለ ከዳሱ የሚሰማው ማሲንቆ ነው። ድምፅ ማጉያ ቢመጣም አዝማሪው ማሲንቆውን እንዳለ በገመድ ሊሰካው አይችልም፤ ማይክራፎን ይቆምለትና ድምፁንም ማሲንቆውንም አንድ ላይ ያነሳል። የማሲንቆ አውታር የፈረስ ጭራ ነው፤ ጭራ ደግሞ ከማግኔት ጋር ጉዳይ የለውም።

የኤሌክትሪክ ጊታር ምስጢር ያለው እዚሁ ላይ ነው። ከስድስቱ የብረት ክሮች ሥር ትንንሽ ማግኔቶች ተደርድረዋል፤ በእነሱ ዙሪያ እጅግ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በብዙ ሺህ ዙር ተጠምጥሟል። ክሩ ሲመታ ይርገበገባል፣ ብረት ስለሆነም የማግኔቱን መስክ ያናውጣል፣ በመዳቡም ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ ያንን ተቀብሎ ያጎላዋል። ዕቃዋ ፒክአፕ ትባላለች። እሷ ከመጣች ወዲያ ጊታር እንደ ክራር ድምፅ የሚያጎላለት ባዶ ሆድ አላስፈለገውም፤ ድፍን ጣውላ ሆነ።

ድፍኑን ጊታር በብዛት አምርቶ ገበያ ያወጣው ሊዮ ፌንደር የካሊፎርኒያ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። የሚገርመው እሱ ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። በ1950 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ጊታር በዓመቱ ቴሌካስተር ተባለ፤ በ1952 ተፎካካሪው ጊብሰን ሌስ ፖልን አመጣ፤ በ1954 ደግሞ ፌንደር ስትራቶካስተርን ሠራ። ዛሬም በየመድረኩ የሚታየው ጊታር አብዛኛው ወይ ከሦስቱ አንዱ ነው፣ ወይ የእነሱ ግልባጭ።

ሮክ ኤንድ ሮልን ግን ጣውላው ብቻውን አልፈጠረውም። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ መንፈሳዊ መዝሙርን በኤሌክትሪክ ጊታር ይዛ ምሽት ክበብ ገባች፤ ምእመናኑ አዘኑባት፣ ወጣቶቹ ግን ጣቶቿን አጠኑ። ቻክ ቤሪ በ1958 «ጆኒ ቢ. ጉድ»ን ሲያወጣ ዘፈኑ የሚከፈተው በጊታር ብቻ ነበር። ኪት ሪቻርድስ ደግሞ ከቴሌካስተሩ ላይ ስድስተኛውን ክር ፈትቶ ጣለና በአምስት ክር፣ በሌላ ቅኝት፣ የሮሊንግ ስቶንስን ዘፈኖች መታ። አምስት ክር በቅኝት መምታት ለክራር ደርዳሪ ብርቅ አይደለም።

ከሁሉም ለጎንደር አዝማሪ የሚቀርበው፣ በእኔ ግምት፣ የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢ.ቢ. ኪንግ ነው። በ1949 የብርድ ወራት፣ አርካንሳስ ውስጥ ትዊስት በምትባል ትንሽ ከተማ ሲጫወት ሁለት ሰዎች ተደባደቡና ቤቱን ለማሞቅ የሚነደውን የነጭ ጋዝ በርሜል ገለበጡት። ጭፈራ ቤቱ ተያያዘ። ኪንግ ካመለጠ በኋላ ጊታሩ ትዝ ቢለው ተመልሶ እሳቱ ውስጥ ገባ፣ ይዞትም ወጣ። ጠቡ ሉሲል በምትባል ሴት የተነሳ መሆኑን ሲሰማ ስሟን ለጊታሩ አወጣለት፤ ከዚያ በኋላ የያዛቸው ጊታሮች ሁሉ ሉሲል ሆኑ። ኪንግ ሲዘፍን አይመታም፣ ሲመታ አይዘፍንም ነበር። እሱ አንድ ስንኝ ይል ነበር፣ ሉሲል ትመልስ ነበር። አዝማሪው በእርግጥ ድምፁንና መምቻውን አብሮ ያስኬዳል፤ ነገር ግን ስንኙ ሲያልቅ፣ ከታዳሚው «ተቀበል» የሚል እስኪመጣ ድረስ፣ ማሲንቆው ብቻውን ይናገራል።

ጂሚ ሄንድሪክስ ግራኝ ነበር፤ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ስትራቶካስተር ገልብጦ ይይዘው ነበር። ነሐሴ 1969 ውድስቶክ በተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የአገሩን የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ያለ ቃል ሲጫወት፣ ጊታሩ የቦምብ ፉጨትና የሰው ዋይታ አወጣ። ዘዴው ወደ ማጉያው መቅረብ ነው፤ ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ክሩን መልሶ ያርገበግበዋል፣ ድምፁም ሳይሞት ይቆያል። ተመትቶ ወዲያው የሚደክመው ክር በኤሌክትሪክ ኃይል ዕድሜ አገኘ። ማሲንቆ ይህን ያለ መብራት ያደርገዋል፤ ዕጣን የተቀባ መምቻ እስከተሳበ ድረስ ድምፁ አለ።

ወደ እኛ አገር ጊታር በሰፊው የዘለቀው በባንዶች ነው። አስመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር በቃኘው የሚሰራጨው ሬዲዮ ሮክና ሶል አስለመደ፤ እዚያው አስመራ ሙዚቀኛው ተወልደ ረዳ ክራርን ኤሌክትሪክ ካስጮሁት ፈር ቀዳጆች አንዱ ሆነ። አስመራ ያደገው ሰላም ስዩም ወልደማርያም በአይቤክስ ባንድ ሊድ ጊታር መታ። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 «እሬ መላ መላ»ን ያስቀረጸው ከአይቤክስ ጋር ነው፤ ቡድኑ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ በካሴት ዘመን የስንቱን ድምፃዊ ሥራ አጀበ። ሰላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ የዘመናዊውን ሙዚቃ አመጣጥ የመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ አድርጎታል። ሮክ ጊታሪስቱን ወደ ፊት አውጥቶ ኮከብ ሲያደርገው፣ እኛ ዘንድ ነገሩ ተገላበጠ። በአዝማሪው ዘመን መቺውና ዘፋኙ አንድ ሰው ነበር፤ ባንድ ሲመጣ መቺው ወደ ኋላ ሄደ፣ የካሴቱ ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶ ቀረ። ሰላምን የሙዚቃ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጣቶቹን ሲሰማ ያደገው ሕዝብ ግን ስሙን የሚያውቅ አይመስለኝም። በዚህ ቅር ይለኛል። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበሙን በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት ሲያወጣ ሮኩን የጀመረው ከአገሩ ቅኝት ተነሥቶ ነው፤ ጊታሩም ከኋላ አልተደበቀም።

ቅኝቱ ለጊታር ባዕድ አይደለም። የዓለም ሮክ ጀማሪ መጀመሪያ የሚያጠናው የአምስት ኖታ ስኬል ኖታ በኖታ የእኛው ባቲ ማይነር ነው፤ ትዝታ ሜጀርም እንደዚሁ በሮክና በካንትሪ ሞልቷል። የሚያስቸግረው አንቺ ሆዬ ነው። የጊታር አንገት በፍሬት ተከፋፍሏል፣ አዝማሪው ግን ጣቱን በጭራው ላይ እንደ ልቡ ያንሸራትታል፤ ከኖታዎቹም አንዳንዶቹ በሁለት ፍሬት መካከል ይወድቃሉ። ጊታሪስቱ ያለው ምርጫ ክሩን በጣቱ ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ ነው። ምን ያህል ይገፋ? ያንን የሚነግረው የጊታር መጽሐፍ የለም፤ አንድ የጎንደር አዝማሪ አጠገብ ተቀምጦ በጆሮው መለካት አለበት።