በራዲዮ ስለምትነዳ የውድድር መኪና፤ ከመለዋወጫ በፊት መርፌ

ሰው ለጨዋታ ብሎ ከሠራቸው መኪናዎች መካከል ባጊ የተባለችው፥ በራዲዮ ከሩቅ የምትነዳውና በኒትሮ ነዳጅ የምትሠራው የአፈር ሜዳ መኪና፥ ለተማሪ ብዙ ትምህርት የምትሰጥ ናት። መጠኗ የእውነተኛው መኪና አንድ ስምንተኛ ነው። በዓለም አቀፉ የውድድር ደንብ ሞተሯ ከ3.5 ኩቢክ ሴንቲሜትር፥ የነዳጅ ማጠራቀሚያዋም ከ125 ኩቢክ ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ ክብደቷ ደግሞ ከ3.2 ኪሎ ግራም አያንስም። ይህ ትንሽ ሞተር በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ይዞራል።

ይህችን መኪና ያገኘ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እንድትፈጥን ምን ልግዛላት?» ብሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ከሚገዛው ዕቃ ሁሉ በፊት በካርቡራተሩ ላይ ያለችውን የነዳጅ መርፌ ማወቅ ይገባል የሚል ነው። መርፌዋን ያላወቀ ሰው የገዛውን ዕቃ ሁሉ ያጠፋልና።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት በጥር ወር እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ፥ እርሱ ከዘመዱ የተቀበላትን ያገለገለች ባጊ ለማስነሣት ተነሣን። ነዳጁ ተቀጣጣይ በመሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን ስለማይጫን፥ ጥቂቱን ለማግኘት እንኳ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብን ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላላት አየሯ ስስ ነው፤ አየሩ ከሳሳ ነዳጁም መቀነስ አለበት ብዬ መርፌውን ባንድ ጊዜ ግማሽ ዙር አጠበብሁት። ሞተሩ ከዚያ በፊት ሰምተነው በማናውቀው ድምፅ ጮኸ፤ መኪናይቱም አቧራውን እያስነሣች በረረች፤ ጓደኛዬም አጨበጨበ። የመጀመሪያው ነዳጅ ሳያልቅ ግን ሞተሩ ድንገት ጸጥ አለ። ፈትተን ብናየው ፒስተኑ ተጭሮ፥ ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ቢየላም ተሰብሮ አገኘነው። አሳቤ እውነት ነበረ፤ ልኩን ግን አላወቅሁም ነበር። ሞተሩም የጓደኛዬ እንጂ የእኔ አልነበረም።

፩ኛ፤ ነዳጁ የሚሠራቸው ሦስት ሥራዎች

የዚህ ሞተር ነዳጅ ቤንዚን አይደለም። ሜታኖል፥ ኒትሮሜቴንና ዘይት የተቀላቀሉበት ነው። የኒትሮሜቴኑ መጠን ብዙ ጊዜ ከመቶ 16 እስከ 30 ይደርሳል፤ ሆኖም በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከመቶ 16 በላይ ኒትሮሜቴን ያለበት ድብልቅ ያለ ፈቃድ ለተራ ሰው አይሸጥም፤ ፈንጂ ለመሥራት ሊውል ይችላልና።

ኒትሮሜቴን ለምን ተፈለገ? አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ሲቃጠል 44 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ሲሰጥ፥ ሜታኖል 20፥ ኒትሮሜቴን ደግሞ 11.3 ብቻ ይሰጣል። በዚህ ብቻ ብንፈርድ ኒትሮሜቴን ከሁሉ ደካማ ነው። ነገር ግን የሞተርን ጉልበት የሚወስነው የሚገባለት ነዳጅ ሳይሆን ሊስብ የሚችለው አየር ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ ሜታኖል 6.5 ያህል፤ ኒትሮሜቴን ግን ኦክሲጅን በራሱ ውስጥ ስለ ያዘ 1.7 ያህል ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ በአንድ ኪሎ አየር የሚገኘው ሙቀት ከቤንዚን 3፥ ከሜታኖል 3.1፥ ከኒትሮሜቴን ግን 6.6 ሜጋጁል ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ ስሌት ሌላም ነገር እንማራለን። ይህ ሞተር ለሚስበው አየር ከቤንዚን ሞተር ይልቅ እጅግ ብዙ ፈሳሽ ይጠጣል። ያ ፈሳሽ ወደ ተንነት ሲለወጥ ሙቀት ስለሚወስድ ሞተሩን ከውስጥ ያቀዘቅዘዋል። እንዲሁም ሞተሩ ባለ ሁለት ምት በመሆኑ ለብቻው የተቀመጠ የሞተር ዘይት የለውም፤ ዘይት የሚያገኘው ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ከሚመጣው ብቻ ነው። ስለዚህ መርፌውን ያጠበበ ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ይቀንሳል፤ የሚቃጠለውን፥ የሚያቀዘቅዘውንና የሚያለሰልሰውን።

፪ኛ፤ ሞተሩ ሊሞት ሲል ለምን ያምርበታል?

በዚህ ሞተር እሳት የሚፈነጥቅ የኤሌክትሪክ ካንዴላ የለም። በእርሱ ፈንታ አሜሪካዊው ሬይ አርደን በ1947 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ዓይነት፥ የፕላቲኒየም ሽቦ ያለበት የሚግል ካንዴላ አለ። ለማስነሣት ሽቦው በ1.5 ቮልት ባትሪ ይጋላል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን ባትሪው ይነቀላል። ፕላቲኒየሙ ከሜታኖሉ ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ሥራና ከእያንዳንዱ ቃጠሎ በሚቀረው ሙቀት ፍሙ አይጠፋም።

እንግዲህ ነዳጁ መቼ እንደሚቀጣጠል የሚወስን ሌላ መሣሪያ የለም። ድብልቁ ሲሳሳ ሞተሩ ይግላል፤ ሲግል ነዳጁ ቀድሞ ይቀጣጠላል። እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ይህ ጉልበት ይጨምራል። ከልኩ ሲያልፍ ግን ፒስተኑ ገና ወደ ላይ ሲወጣ ፍንዳታው ወደ ታች ይመታዋል፤ ዘይትም ያነሰው ቢየላ ይህን መሸከም አይችልም። የእኛም ሞተር በዚህ አኳኋን ጠፋ። ሞተሩ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከምንጊዜውም ይልቅ አምሮበት ይሮጣል፤ ስለዚህ ጀማሪን የሚያታልለው ጥፋቱ ሳይሆን ማማሩ ነው።

፫ኛ፤ የማስተካከል ሥርዓት

ካርቡራተሩ ሦስት ማስተካከያ አለው፤ የከፍተኛ ፍጥነት መርፌ፥ የዝቅተኛ ፍጥነት መርፌና የሚኒሞ ብሎን። ሁለቱ መርፌዎች ወደ ቀኝ ሲዞሩ ድብልቁ ይሳሳል፤ ወደ ግራ ሲዞሩ ይወፍራል። ሥራው ሁልጊዜ ከወፍራሙ ወገን ይጀመራል። ያልተነካ ወፍራም ድብልቅ የሚያስከፍለው ጢስና ነዳጅ ነው፤ ስስ ድብልቅ የሚያስከፍለው ግን ሞተር ነው።

ከማስነሣት በፊት ሞተሩን በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ መልካም ነው። ፒስተኑ ቀለበት የለውም፤ ካሚቻውም ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ በክሮም የተለበጠ ነሐስ በመሆኑ፥ ሁለቱ በትክክል የሚገጥሙት ሲሞቁ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ መኪናይቱን ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ነድቶ ማሟሟቅ፤ ቀጥሎ በቀጥተኛው መንገድ ላይ በሙሉ ፍጥነት መንዳት። ሞተሩ እየተንተፋተፈ ብዙ ጢስ ካወጣ ወፍሯል። ጢሱ ጨርሶ ከጠፋ ሳስቷል፤ ወዲያው መቆም ያስፈልጋል። መልካሙ ቀጭን ጢስ ሳይቋረጥ ሲከተል ነው። መርፌው በአንድ ጊዜ የሚዞረው የዙር አንድ አሥራ ሁለተኛ፥ ማለት በሰዓት ፊት ላይ አንድ ቁጥር ያህል ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ጥቂት ዙር ነድቶ በቴስታታው ላይ ካንዴላው አጠገብ ሙቀቱን መለካት ያሻል፤ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መልካም ነው። ሙቀቱ ግን ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ጢሱና ድምፁ አብረው ይመሰክሩ።

ዝቅተኛው መርፌ የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ወደ ካርቡራተሩ የሚገባውን የነዳጅ ቱቦ በጣት ቆንጥጦ መያዝ ነው። ድምፁ ጥቂት ከፍ ብሎ ከሦስት እስከ አራት ሴኮንድ ቆይቶ ቢጠፋ ልክ ነው፤ ወዲያው ቢጠፋ ሳስቷል፤ ብዙ ቢቆይ ወፍሯል። የሚኒሞው ብሎን የመጨረሻ ነው።

፬ኛ፤ የከፍታ ነገር

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 79 ያህል ነው። እኔም ነዳጁ በአንድ አምስተኛ ይቀነስ ብዬ ነበር። ነገር ግን ነዳጁን ከመርፌው የሚስበው ያው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የመሳብ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነዳጁም በከፊል በራሱ ይቀንሳል። በቀላሉ የካርቡራተር ሕግ፥ የአየርና የነዳጅ ድርሻ የሚለወጠው በእፍግታው ስኩዌር ሩት ልክ ነው፤ ስለዚህ ድብልቁ የሚወፍረው ከመቶ 12 ያህል ብቻ ነው። ይህ ስሌት ከማርሚታው ወደ ነዳጅ ማጠራቀሚያው የሚሄደውን ግፊት ስለማይቆጥር አቅጣጫን እንጂ ቁርጥ ያለ ልክን አያሳይም። ቢሆንም ሁለት ጊዜ መቀነሴን ለማስረዳት ይበቃል፤ አየሩ አስቀድሞ የቀነሰውን እኔ እንደገና ቀነስሁት።

፭ኛ፤ ታዲያ ምን ይገዛ?

በከፍታ ምክንያት የጠፋውን ጉልበት መርፌ አይመልሰውም። እዚህ ላይ የዕቃ ለውጥ ይጠቅማል። ለምሳሌ የፍሪሲዮኑን ማርሽ ከ14 ጥርስ ወደ 13 ብንለውጥ፥ ከፍተኛው ፍጥነት ቢቀንስም በጎማው ላይ ያለው የመግፋት ኃይል ከመቶ 8 ያህል ይጨምራል። በመካከለኛው ዲፈረንሻል ያለውን የሲሊኮን ዘይት ከ5,000 ወደ 7,000 ሴንቲስቶክ ብናወፍረው፥ ጉልበቱ በፊት ጎማዎች በከንቱ መሽከርከሩ ቀርቶ ወደ ኋላዎቹም ይደርሳል፤ ነገር ግን በጎርበጥባጣ ሜዳ ላይ መኪናይቱን መያዝ ያስቸግራል። ከሁሉ የረከሰውና የበለጠው ግን ዘይት የነካ ንጹሕ የአየር ፊልትሮ ነው፤ አቧራ የገባበትን ካሚቻ ምንም መርፌ አያድነውምና። የሚለወጠው ሁሉ አንድ በአንድ ይለወጥ፤ ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው አያውቅም።

መደምደሚያ

በሚያዝያ ወር አዲስ ፒስተን፥ ካሚቻና ቢየላ አስገብተን ሞተሩን አለማምደን፥ ከወፍራሙ ወገን ጀመርን። በየለውጡ ዙሩን፥ ጢሱንና ሙቀቱን በደብተር ጻፍን። መልካም ሆኖ የሠራው መርፌው ፋብሪካው ካዘዘው ልክ ሦስት ቁጥር፥ ማለት ሩብ ዙር ሲጠብ ነው፤ ሙቀቱም 115 ዲግሪ ነበር። እኔ ያጠበብሁት ስድስት ቁጥር ነበር። በእነዚያ ሦስት ቁጥሮች መካከል የአንድ ሞተር ዋጋ አለ፤ እርሱንም ለጓደኛዬ በየወሩ እየከፈልሁ ነው።

በክፍል የተማርነው ሕግ እውነት ቢሆንም፥ ልኩ የሚታወቀው በጥቂት በጥቂቱ ሲለካ ነው። በስሌቴ ስሕተት ያገኘ መምህር ወይም ተማሪ ቢያርመኝ፥ ቀጣዩ ሞተር ሳይቃጠል ስለሚደርስልኝ ምስጋናዬ እጅግ የላቀ ይሆናል።