በገበያ ቀን የሚፈተን ክላውድ

ገረሴ ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱን ሒሳብ ከመዝገብ አውጥቶ ክላውድ ላይ ሊያስቀምጥ አስቦ፣ የቱ አገልግሎት እንደሚሻል አማከረኝ። አማራጭ አልጠፋም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድን በብር ያቀርባል። አማዞን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኬፕታውን ላይ ማዕከል አለው፤ ሒሳቡ ግን የሚታሰበው በዶላር ነው።

እንዲህ ላለው ምርጫ የምጠቀመው ፈዚ የሚባለውን ስሌት ነው። መሠረቱን ሎትፊ ዛዴ እ.ኤ.አ. በ1965 ጣሉት፤ በ1970 ደግሞ ከሪቻርድ ቤልማን ጋር ሆነው ለውሳኔ አሰጣጥ አዋሉት። ሰው “መካከለኛ ነው” ሲል በልቡ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። ስለዚህ ለቃሉ ሦስት ቁጥር እንሰጠዋለን፦ ቢያንስ 3፣ ይበልጥ የሚሆነው 5፣ ቢበዛ 7። “ዝቅተኛ” 0፣ 2፣ 4 ሲሆን “ጥሩ” 6፣ 8፣ 10 ነው።

ለሙከራ የተከፈተውን አንዱን አገልግሎት ገንዘብ ያዧና ሒሳብ ሹሙ እንዲመዝኑት አደረግሁ። ደኅንነቱን ሁለቱም “መካከለኛ” አሉት፤ 3፣ 5፣ 7። በገረሴ ኔትወርክ ላይ አሠራሩን ግን እሷ “ዝቅተኛ”፣ እሳቸው “ጥሩ” አሉ። ትንሹን፣ አማካዩንና ትልቁን ስንወስድ 0፣ 5፣ 10 ይሆናል። ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ ሦስቱን አማክሎ ወደ አንድ ቁጥር ይጨፈልቃል። ያኔ ሁለቱም መስፈርቶች እኩል 5 ያመጣሉ፤ ሰንጠረዡም ያማረ ይመስላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከ0 እስከ 10 የተዘረጋው ስፋት ራሱ መረጃ ነው፤ ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም።

ስንጠይቅ ምክንያቱ ተገኘ። ሒሳብ ሹሙ የሚሠሩት ማታ፣ መስመሩ ሲቀል ነው። ገንዘብ ያዧ የምታስተናግደው በገበያ ቀን ነው፤ ከየቀበሌው የመጣው ሰው በሙሉ ስልኩን ይዞ ከተማ ውስጥ ነው፣ ኔትወርኩም ይጨናነቃል። “ቁጠባውን ተቀብዬ ደረሰኝ ሳልሰጥ ልሸኛቸው ነው?” አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መስመር ሲቋረጥ መዝግቦ ይዞ ሲመለስ የሚልክ መሆኑ በነጥብ የሚካካስ መስፈርት መሆኑ ቀረ። ይህን የማይችል አገልግሎት ከውድድሩ ይወጣል፣ የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን።

ዋጋም እንዲሁ ስፋት አለው፤ የዶላሩ ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ስለዚህ ለዶላር ክፍያ የላይኛውን ጫፍ ከዛሬው ዋጋ እጥፍ አድርጌ እይዛለሁ። የአባላት ስምና ቁጠባ የግል መረጃ በመሆኑ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥ ከአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጋር መታየት አለበት።

ለማኅበሩ የሰጠሁት ሐሳብ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የቀሩት አገልግሎቶች በገበያ ቀን፣ በገንዘብ ያዧ መስኮት እንዲሞከሩ ነው። ውጤቱንም እሷ ትሞላዋለች።