እንቅርት፣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ክኒንና የገበሬው ጤና መድን

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ማለትም ደመወዝ የሌላቸው የገጠርና የከተማ ቤተሰቦች በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍለው ዓመቱን ሙሉ ውል በተያዘባቸው የመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚታከሙበት ሥርዓት፣ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች ነው። ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ተሁለደሬና ደቡብ አቸፈር በመሆናቸው ጎጃም በአቸፈር በኩል ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ የሥርዓቱ ተካፋይ ነበር ማለት ይቻላል። ለደመወዝተኛው የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድን በበኩሉ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 690 ቢታወጅም፣ ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ ከአሠሪውም ያንኑ ያህል የሚጠይቀው መዋጮ ተቃውሞ ስለገጠመው፣ አፈጻጸሙ ለዓመታት ሲራዘም ቆይቷል። የመንግሥት ጥቅማ ጥቅም ከቢሮ ጀምሮ ወደ እርሻ በሚወርድበት አገር፣ ገበሬው ከመምህሩና ከጸሐፊው ቀድሞ የመድን ደብተር መያዙ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው።

በዚያው በ2003 ዓ.ም. ሌላም ሕግ ወጥቷል። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። አዮዲን በአንገት ፊት ለፊት የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን ለመሥራት የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የደጋው አፈር ለዘመናት በጎርፍ ታጥቦ አዮዲኑን ስላጣ፣ በዚያ አፈር ላይ የበቀለውን ገብስና ድንች የሚበላ ሰውም አዮዲን ይጎድለዋል። ዕጢው የጎደለውን ለማካካስ ሲጣጣር ያብጣል፤ እብጠቱም እንቅርት ይባላል። ከጮቄ ተራራ ሥር ባሉት እንደ ስናንና ማቻከል ባሉ ወረዳዎች፣ በተለይ በሴቶች ላይ፣ እንቅርት እንግዳ ሕመም አይደለም። ቀደም ባለው ዘመን አንገት የሚነቀሰውም ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ያጠፋል ተብሎ ስለሚታመን ጭምር ነበር። የጨው ደንቡ ለሚወለዱት ልጆች ትልቅ ነገር ቢሆንም፣ ለዓመታት ያደገን እንቅርት ግን ጨው አይመልሰውም፤ ትንፋሽና ምግብ መዋጥ እስከሚያስቸግር ከደረሰ ወይም ካንሰር ከተጠረጠረበት መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው።

ጤና መድኑ ጉልበቱን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። አባል የሆነች ሴት የቤተሰቡ ፎቶግራፍ የተለጠፈበትንና የዘመኑ ማኅተም ያረፈበትን ደብተር ይዛ በመጀመሪያ በአካባቢዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ ከዚያ የሪፈር ወረቀት ተጽፎላት ወደ ሆስፒታል ትላካለች። ይህን ቅደም ተከተል ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ከወጪው እስከ ግማሽ ድረስ ራሱ እንዲሸፍን ሊደረግ ስለሚችል፣ ወረቀቱ ተራ ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም። ወረቀቱ ከተሟላ ካርዱ፣ ምርመራው፣ ቀዶ ሕክምናውና የተኛችበት አልጋ በመድኑ ይሸፈናል፤ ጥጃ ወይም የዓመት እህል ተሸጦ ይከፈል የነበረው ገንዘብም ቤት ውስጥ ይቀራል። መዋጮውን መክፈል ለማይችሉት ክልሉና ወረዳው ተጋርተው ስለሚከፍሉላቸው፣ ቀበሌው ከአቅመ ደካሞች መዝገብ ያስገባው ቤተሰብም ደብተሩ ከሌላው ያነሰ መብት የለውም።

ችግሩ የሚመጣው ሴትዮዋ ድና ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ነው። ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሰውነቷ የታይሮይድ ሆርሞን የሚያገኝበት ሌላ ምንጭ ስለሌለው፣ ሌቮታይሮክሲን የተባለውን ክኒን በየቀኑ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ መውሰድ ይኖርባታል። ክኒኑ የሚለካው በሚሊግራም ሳይሆን የሚሊግራም አንድ ሺሕኛ በሆነው በማይክሮግራም ነው፤ መጠኑ የሚስተካከለው ደግሞ ቲኤስኤች በሚባል የደም ምርመራ ሲሆን፣ መጠኑ በተለወጠ ቁጥር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ፣ ከተረጋጋ በኋላም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መደገም አለበት። ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ ግማሽ ወይም አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ቡና አብሮት ከተጠጣ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። የጠዋቱ ቡና እንደ ግዴታ በሚታይበት ቤት ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ በጾም ወራትም ጠዋት ውኃ መጎንጨት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ለሐኪሙ ሳይሆን ለነፍስ አባት የሚቀርብ ነውና፣ ሐኪሙ አስቀድሞ ካላነሣው ክኒኑ ሳይዋጥ መዋሉን የሚያውቅ የለም።

ይህ ሆርሞን ሌላም አታላይ ጠባይ አለው። በደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ ግማሹ ለመውረድ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ክኒኑን ለጥቂት ቀናት ያቋረጠ ሰው ምንም አይሰማውም። ጉድለቱ የሚገለጠው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ የፊት ማበጥ፣ የድምፅ መጎርነንና ከሌላው ሰው በላይ መብረድ ሆኖ ይመጣል። በስናን ቁር ብርድ ተሰማኝ የምትልን ሴት መድኃኒት አቋርጠሽ ይሆን ብሎ የሚጠይቃት ማን ነው? የድሃ ቤት ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያስቀረው፣ ቢቀር ወዲያው የማያምመውን ነገር ነው። ይህን ስንፍና ወይም አለማወቅ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በእጅ ያለው ብር ለስኳር በሽተኛ ልጅ ኢንሱሊን ወይም ለእናት ክኒን ከሚባል ምርጫ ላይ ሲደርስ፣ ኢንሱሊኑ የሚቀድምበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው።

መድኑ ክኒኑን አይሸፍንም ወይ? በደንቡ በተቋሙ መድኃኒት ቤት ያለውን ይሸፍናል። ነገር ግን ሸፈነ ማለት መደርደሪያው ላይ አለ ማለት አይደለም። ማዘዣው በመስኮቱ ገብቶ «የለም» ተብሎ ሲመለስ፣ ያቺ ሴት ከግል መድኃኒት ቤት ደጃፍ ስትደርስ የመድን አባልነቷ አብሯት አይገባም፤ በዚያ የምትቆመው እንደ ማንኛውም ገዢ ነው። አንዳንድ ወረዳዎች ከቀይ መስቀል ወይም ከማኅበረሰብ ፋርማሲ ጋር ውል በመያዝ ቀዳዳውን ለመድፈን ይሞክራሉ፤ ውሉ በሌለበት ግን ደረሰኝ ይዞ ገንዘቡን ማስመለስ በብዙ ቦታ የማይሞከር ወይም እግር የሚያቀጥን ነገር ነው። የሆርሞን የደም ምርመራውም እንዲሁ መሣሪያው ወይም ኬሚካሉ በሆስፒታሉ ሲታጣ ወደ ግል ላቦራቶሪ ይላካል። በዚህ ላይ ከየጁቤ ወይም ከሮብ ገበያ ደብረ ማርቆስ ድረስ የሚያስፈልገው የመኪና ዋጋና የአዳር ወጪ አለ፤ ጉዳዩ ከዚያ አልፎ ባሕር ዳር ወይም 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ከተላከ ደግሞ አስታማሚም ይጨመርበታል። መድኑ ይህን ሁሉ አይከፍልም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ባለው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉ፣ የመድኃኒት አቅርቦቱም የመዋጮ ስብሰባውም ተጎድቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

የመድኑ አሠራር የተቀረጸው በድንገት ለሚመጣና ታክሞ ለሚያልቅ ሕመም ነው። ቀበሌዎች ሥርዓቱን ለሕዝብ ሲያስረዱ በእድር የሚመስሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እድርም የሚደርሰው ለቀኑ ነው። ዕድሜ ልክ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ግን በየዓመቱ መዋጮ ሲያሳድስ፣ በየወሩ መድኃኒት ሲፈልግ፣ በየምርመራው መንገድ ሲወጣ ይኖራል። አባልነቱ በቤተሰብ ደረጃ መሆኑ፣ የታመመው ብቻ እየመጣ እንዳይመዘገብ ታስቦ የተደረገ ትክክለኛ ሥርዓት ቢሆንም፣ ደብተሩ የሚወጣው በአባወራው ስም ስለሆነ፣ ትዳር ሲፈርስ ክኒን የምትውጠው ሴት ራሷን ችላ እንደገና እስክትመዘገብ ድረስ ከሽፋን ውጭ ልትወድቅ ትችላለች። ዕድሜው 18 የሞላው ልጅም ከወላጆቹ ሽፋን ይወጣል፤ ሊቆይ የሚችለው ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎለት ነው።

ከሽፋኑ ውጭ በግልጽ የተደረጉም አሉ። በውጭ አገር የሚደረግ ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከነዚህ ይቆጠራሉ። የጾታ ሽግግር ሕክምና፣ ማለትም ውስጣዊ የጾታ ስሜታቸው ከተወለዱበት አካል ጋር የማይስማማ ሰዎች በሆርሞንና በቀዶ ሕክምና የሚያገኙት አገልግሎት፣ ከዝርዝሩ ውስጥ እንኳ አይገባም፤ በኢትዮጵያ ይህን የሚሰጥ የመንግሥት ሆስፒታልም የሚሸፍን መድንም የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባው ጉዳዩን ከአእምሮ ሕመም ምዕራፍ አውጥቶ ከጾታዊ ጤና ጋር መድቦታል። በእንግሊዝ የሚኖር ሰው በመንግሥት ጤና አገልግሎት ዓመታት ተራ ይጠብቃል፤ በአሜሪካ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የተቋቋመው መድን መሸፈን አለመሸፈኑ በሚኖሩበት ግዛት ይወሰናል። በኢትዮጵያ ግን የወንጀል ሕጉ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ስለሚቀጣና ኅብረተሰቡም ሁለቱን ጉዳዮች ስለማይለይ፣ ጥያቄ ያለው ሰው ለሐኪም እንኳ ደፍሮ አይናገርም። ይህ ዝምታ ለጤና አደገኛ ነው፤ ለምሳሌ ኤስትሮጅን ያለ ክትትል ሲወሰድ ደም በሥር ውስጥ የመርጋት አደጋን ይጨምራል፤ ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው የባለሙያ ዓይን ነው።

ወደ እንቅርቱ ስንመለስ፣ የቤተሰቡን የወደፊት ወጪ አብዛኛውን የሚወስነው ጥያቄ ሊጠየቅ የሚገባው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው፤ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ይወጣል ወይስ ግማሹ? ካንሰር ከሌለና እብጠቱ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ግማሹ ብቻ ከወጣላቸው ሰዎች ብዙዎቹ የቀረው ዕጢ በቂ ሆርሞን ስለሚያመርትላቸው ክኒን ሳያስፈልጋቸው ይኖራሉ። ሁለቱም ወገን ካበጠ ግን ግማሹን መተው እንቅርቱ ተመልሶ እንዲያድግና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲያስፈልግ ሊያደርግ ይችላል፤ ሐኪሙ ሁሉንም ላውጣ ቢል ምክንያት አለው። ሆኖም ታማሚዋ የምትኖረው የት እንደሆነ፣ ክኒኑ በአቅራቢያዋ ይገኝ እንደሆነና ለምርመራ በዓመት ስንት ጊዜ መምጣት እንደምትችል ሳይጠየቅ የሚሰጥ ውሳኔ ጎዶሎ ነው። ውሳኔው ዕጢውን በሙሉ ማውጣት ከሆነ፣ የወር ሳይሆን የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲታዘዝላት መጠየቅ የመንገዱን ወጪ በሁለት ሦስተኛ ይቀንሰዋል፤ የደብተሩም እድሳት አዝመራ ተሰብስቦ ገንዘብ እጅ ላይ ባለበት ወቅት፣ ጊዜው ከማለፉ በፊት መፈጸም አለበት።