ስለ አሮጌ መኪና ሞተር መንኳኳት

በጁባና በአካባቢዋ በአሮጌ መኪና የእርሻ ምርት የሚያመላልስ ሰው፣ ገበሬ የበሬውን ሳል እንደሚያዳምጥ ሁሉ የሞተሩን ድምፅ ማዳመጥ ይገባዋል። ከጁባ እስከ ኒሙሌ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 በአስፋልት ተሠርቷል፤ ከእርሱ ወጣ ሲሉ ግን ወጣ ገባው መንገድ ብሎን ያላላል፣ አቧራውም ሞተር ይጎዳል።

አስቀድሞ መኪናውን በደልዳላ ስፍራ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ዘይቱን መለካት ነው። ከታችኛው ምልክት ካነሰ ሳይሞሉ ማስነሳት አይገባም።

ቀጥሎ ድምፁን መለየት ያስፈልጋል። በሚኒሞ የሚንቀጫቀጭ የቆርቆሮ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የማርሚታው ሽፋን ወይም ማሰሪያ መላላቱን ያመለክታል። ከሞተሩ ላይኛ ክፍል የሚሰማ ፈጣን «ትክ ትክ» የፑንታሪያ ክፍተት መስፋቱን ወይም ዘይት አለመድረሱን ይናገራል። የቤንዚን መኪና ዳገት ሲወጣ ብቻ ቢንኳኳ የቤንዚኑን ጥራት ማስመርመር ነው።

ከታችኛው ክፍል የሚመጣ፣ ነዳጅ ሲሰጡት የሚፈጥን ከባድ ምት ግን የቢየላ ብሮንዚን የመበላቱ ምልክት ነው። በቤንዚን ሞተር መካኒኩ ካንዴላዎቹን በየተራ ከሥራ ሲያወጣ ጉዳቱ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ድምፁ በሚቀንስበት ሲሊንደር ነው። ይህ ምት ሲሰማ «ከቤት እስክደርስ» ሳይሉ ወዲያው ማጥፋት ይገባል፤ ቢየላው ከተሰበረ የሞተሩን አካል ሊበሳው ይችላልና።

የናፍጣ ሞተር በጠባዩ ድምፀ ብርቱ ስለ ሆነ፣ ሾፌሮች የደኅና ቀኑን ድምፅ አስቀድመው ይወቁት፤ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ዘይት በየጠዋቱ መለካቱን ይቆጣጠሩ።